የተነገረውና የደረሰው፦ የፓኬት ቁራጭ ሲገጥሙ ስለሚወድቁ መሣሪያዎች

የእስራኤሏ አሽዶድ ስክሪንም ኪቦርድም በሌላቸው ኮምፒውተሮች የተሞላች ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ሥራ የጀመረው ወደብ ኮንቴይነር የሚያነሱ ክሬኖች አሉት፤ የባሕር ውኃን ከጨው የሚለየው ፋብሪካ በፓምፕ ይሠራል፤ በ2017 በሩን የከፈተው የአሱታ ሆስፒታልም እንደማንኛውም ዘመናዊ ሆስፒታል ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚቆሙ መሣሪያዎች ያስፈልጉታል። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሆድ ውስጥ ከኔትወርክ ጋር የምትነጋገር ትንሽ ቺፕ ትኖራለች። ሜሞሪዋ ብዙ ጊዜ በኪሎባይት የሚቆጠር ነው። ችግር ሲገጥማት የምትናገርበት ስክሪን ስለሌላት ቀጥ ትላለች፣ አለዚያም ራሷን አጥፍታ እንደገና ትነሳለች። ከእነዚህ ውድቀቶች መካከል ባለሙያን ብዙ የሚያደክመው ተቆራርጦ የመጣ ፓኬት ሲገጣጠም የሚደርሰው ነው። መልኩ ቢለዋወጥም ሥሩ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ስለ ርዝመቱ የተነገረው ቁጥርና በእርግጥ የደረሰው ባይት አልተስማሙም። ስለዚህ መፈለግ ያለበት መሣሪያው የወደቀበት የኮድ መስመር ሳይሆን ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩበት ቦታ ነው።

አሠራሩን እንመልከት። ኢተርኔት በአንድ ጊዜ የሚሸከመው 1500 ባይት ነው። በ1981 የወጣው የአይፒ ደንብ፣ አርኤፍሲ 791፣ ግን አንድ ፓኬት እስከ 65,535 ባይት እንዲረዝም ይፈቅዳል። ከመንገዱ የሰፋው ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም የየትኛው ፓኬት አካል እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው ምን ያህል ርቆ እንደሚቀመጥና ከኋላው ሌላ ቁራጭ ይኑር አይኑር የሚናገር ጽሑፍ ግንባሩ ላይ ተሸክሞ ይጓዛል። ቁራጮቹ ተቀዳድመው ሊደርሱ፣ ሊደጋገሙ፣ መንገድ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ተቀባዩ ይህን ሁሉ ጠብቆና አስተካክሎ መግጠም አለበት፤ ስለ ጭነቱ አስቀድሞ የሚያውቀው ደግሞ ላኪው የጻፈውን ብቻ ነው። ወረቀቱን አምኖ ዕቃውን ሳይቆጥር የሚረከብ የወደብ መጋዘን ሠራተኛ ጉድለቱን የሚያውቀው ዕቃው ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የአውጪው ይመስላል።

ማስረጃው ከድሮ ይጀምራል። የቁራጩን ቦታ የሚናገረው ቁጥር 13 ቢት ስለሆነ ትልቁ ዋጋ 8191 ነው፤ የሚቆጠረው በስምንት ስምንት ባይት ስለሆነ ቦታው እስከ 65,528 ይደርሳል። እዚያ ቦታ ላይ 1000 ባይት የያዘ ቁራጭ ቢቀመጥ መጨረሻው 66,528 ላይ ይውላል፤ ማለትም ደንቡ ከሚፈቅደው አልፎ ለሌላ ሥራ የተያዘ ሜሞሪ ውስጥ ይገባል። በ1990ዎቹ አጋማሽ «ፒንግ ኦፍ ዴዝ» የተባለው ጥቃት ስንቱን ኮምፒውተርና ፕሪንተር የጣለው በዚህች ድምር ነው። በ1997 የመጣው «ቲርድሮፕ» ደግሞ በመቀነስ ይሠራል። የመጀመሪያው ቁራጭ ከ0 እስከ 36 ያለውን ሞልቷል እንበል። ሁለተኛው ከ24 ጀምሬ 28 ላይ አበቃለሁ ይላል። ኮዱ መደራረቡን አይቶ የሁለተኛውን መነሻ ወደ 36 ይገፋዋል፤ መጨረሻው ግን እዚያው 28 ላይ ነው። 28 ሲቀነስ 36 ከዜሮ በታች 8 ይሆናል። ይህ ውጤት ኔጌቲቭ ቁጥር ለማያውቅ የ32 ቢት መቅጃ ትእዛዝ ሲሰጠው 4,294,967,288 ባይት ቅዳ ማለት ነው። መቅጃው የታዘዘውን ይሠራል፣ ሥርዓቱም ይወድቃል፤ የተሳሳተው ግን ቀደም ብሎ የቀነሰው መስመር ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ የ2020ውን ያስታውስ። ጄኤስኦኤፍ የተባለ የኢየሩሳሌም የምርምር ድርጅት በአሜሪካው ትሬክ ኩባንያ የኔትወርክ ሶፍትዌር ውስጥ 19 የደህንነት ቀዳዳዎች አግኝቶ «ሪፕል20» ብሎ ይፋ አደረጋቸው። ሶፍትዌሩ በፕሪንተሮች፣ በመጠባበቂያ ኃይል መሣሪያዎችና በሆስፒታል የመድኃኒት ፓምፖች ጭምር ውስጥ ነበረ። ከመካከላቸው ከ10 ነጥብ 10 የተሰጠው አንደኛው ስህተት የቁራጭ መግጠሚያ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው የትሬክ ኮድ፣ የደረሰው ውሂብ ከተነገረው ርዝመት ሲበልጥ ትርፉን ይቆርጣል፤ ሲቆርጥም የተነገረውን ርዝመት በጠቅላላውም በመጀመሪያው ቁራጭም ላይ ይጽፋል። ፓኬቱ አንድ ወጥ ሲሆን ይህ ትክክል ነው። በፓኬት ውስጥ ሌላ ፓኬት ታሽጎ ውጪኛው ተቆራርጦ ሲመጣ ግን፣ ውስጠኛው ለምርመራ የሚቀርበው የብዙ ቁራጮች ሰንሰለት ሆኖ ነው። ጠቅላላው ያጥራል፣ ተከታዮቹ ቁራጮች እንደነበሩ ይቀራሉ። ቆይቶ ሌላ የኮድ ክፍል በጠቅላላው ልክ ቦታ ያዘጋጅና በየቁራጩ ልክ ይቀዳል፤ ይፈስሳል። ሁለቱ ቁጥሮች በተለያዩበትና መሣሪያው በወደቀበት መካከል ብዙ ሥራ ተሠርቷል።

ለዚህ ነው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ማንበብ የማያዋጣው። የተበላሸው ሜሞሪ የሌላ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፤ ያ ፕሮግራም ከደቂቃዎች በኋላ ሲወድቅ ከኔትወርክ ጋር ምንም ግንኙነት ያለው አይመስልም። ጥሩ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚያደርገው ከሪስታርት በኋላ የማይጠፋ ትንሽ የሜሞሪ ክፍል ለይቶ፣ በወደቀበት ቅጽበት የነበሩትን የፕሮሰሰሩን ሬጅስተሮችና የመጨረሻዎቹን ቁራጮች መነሻና ርዝመት እዚያ እንዲጻፉ ማድረግ ነው። ቁራጮቹ በሚጠራቀሙበት በየሜሞሪ ቋቱ ጫፍ የታወቀ ምልክት ያስቀምጣል፣ ቁራጭ በገባ ቁጥርም ምልክቱ እንዳለ ይመረምራል። ከስዊቹ ላይ ትራፊኩን ዋየርሻርክ በተባለው የትራፊክ መቅጃ ፕሮግራም ይቀዳል፤ ያንኑ ኮድ ሜሞሪን በሚቆጣጠር ፕሮግራም በተራ ኮምፒውተር ላይ አስነስቶ የቀዳውን ይመግበዋል። ቺፑ ላይ ቀናት የወሰደው ፍለጋ እዚህ በጥፋቱ መስመር ላይ ወዲያው ሊቆም ይችላል።

ሁሉም ውድቀት የርዝመት ጉዳይ አይደለም የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ኮርቴክስ ኤም0 የተባለው ትንሽ ፕሮሰሰር ለአራት በማይካፈል አድራሻ ላይ አራት ባይት በአንዴ ለማንበብ ሲሞክር ይወድቃል፤ የኢተርኔት ራስጌ፣ ማለትም ግንባሩ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ 14 ባይት ስለሆነ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የአይፒ ራስጌ በቀላሉ እንዲህ ባለ አድራሻ ላይ ያርፋል። ያው ኮድ በተራ ኮምፒውተር ላይ ያለችግር ስለሚሮጥ ከላይ ያልኩት ዘዴ ይህንን አይዝም። ሆኖም ይህ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚወድቅ አይደበቅም። የሜሞሪ ማለቅ ግን ወደ ክርክሬ ይመለሳል፤ «ቀሪ አለኝ» ብለው ቀሪያቸው የማይመጣ ቁራጮች ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ። በትናንሽ መሣሪያዎች የተለመደው ኤልደብሊውአይፒ (lwIP) የተባለው የኔትወርክ ሶፍትዌር ለመገጣጠም የሚጠብቁ ቋቶችን፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ በ10 የሚገድበው ለዚህ ነው።

«ዎችዶጉ፣ የቆመውን መሣሪያ የሚቆጣጠረው ሰዓት፣ ያስነሳው የለም ወይ?» የሚሉም አሉ። ያስነሳዋል፤ ግን ማስረጃውን ይዞት ይሄዳል፣ ያው ቁራጭ ተመልሶ ሲመጣም ያው ውድቀት ይደገማል። እየጠፋ የሚነሳ የመድኃኒት ፓምፕ ደግሞ እየሠራ ነው ሊባል አይችልም። ሜሞሪን በሚጠብቅ ቋንቋ እንጻፈው የሚለው ሐሳብ ለአዲስ መሣሪያ ትክክል ነው፤ ባዕድ ሜሞሪ መንካትን ይከለክላል። የተሳሳተውን ቅነሳ ግን አያርመውም፤ ፕሮግራሙ በሥርዓት ይቆማል እንጂ ሥራውን አይቀጥልም። ቁራጭ ጨርሶ ይከልከል የሚለውም በሁሉም ቦታ አይሠራም። አይፒ ስድስት ቢያንስ 1280 ባይት የሚያሳልፍ መንገድ ይጠይቃል፤ ብዙ የገመድ አልባ ሴንሰሮች የሚጠቀሙበት 802.15.4 ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚልከው 127 ባይት ብቻ ስለሆነ ከሥሩ መቁረጥና መግጠም ግድ ነው። ማሻሻያ ለማያገኝ አሮጌ መሣሪያ ግን ከሪፕል20 በኋላ የተሰጠው ምክር ተገቢ ነው፦ ከፊቱ ያለው ፋየርዎል በፓኬት ውስጥ የታሸገ ፓኬትን ይዝጋ፣ ቁራጭንም መሣሪያው የማይፈልገው ከሆነ ያግድ፣ የሚፈልገው ከሆነ ራሱ ገጥሞና ቆጥሮ ያሳልፍ።