የቲቢ የደም ምርመራ (ኢግራ) ፖዚቲቭ ሲሆን ምን ማለት ነው?

ወደ አሜሪካ በዳግም ሰፈራ ለሚሄዱ ስደተኞች በሚደረገው የጤና ምርመራ፣ እንደ ኢትዮጵያ ቲቢ በብዛት በሚገኝባቸው አገሮች፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ2 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ኢግራ የተባለ የደም ምርመራ ያደርጋሉ። በጋምቤላ እንደ ኩሌ፣ ቲርኪዲና ጀዊ ባሉ መጠለያዎች ለሚኖሩ ቤተሰቦችም ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ ነው። «ፖዚቲቭ» ሲባሉ ልጃቸው የታመመ መስሏቸው ከእህት ወንድሞቹ ለይተው የሚያስተኙ ወላጆች ይኖራሉ። ውጤቱ ግን ይህን አያዝም።

ኢግራ የቲቢን ጀርም አይፈልግም። የሚለካው ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን ፕሮቲን ነው። ነጭ የደም ሴሎች ቀድሞ የሚያውቁት ተህዋስ ሲገጥማቸው ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች የሚቀሰቅሱት በዚህ ፕሮቲን ነው። ኳንቲፌሮን በተባለው ኪት ደሙ በአራት ትንንሽ ቱቦዎች ይቀዳል፤ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ሁለቱ የቲቢ ባክቴሪያ ፕሮቲን ቁርጥራጮች አሉባቸው። አንዱ ምንም የሌለበት ማነጻጸሪያ ነው። አራተኛው የሰውዬው ሴሎች ጭራሽ ምላሽ መስጠት መቻላቸውን ያሳያል። ቱቦዎቹ በ37 ዲግሪ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ከቆዩ በኋላ የተመረተው ፕሮቲን ይለካል።

እዚህ ላይ የጋምቤላ ሙቀት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቱቦዎቹ ወደ ማሞቂያው እስኪገቡ ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ቦታ መቀመጥ አለባቸው፤ በበጋ ከቀትር በኋላ ደጅ ያለው ሙቀት ግን ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። አያያዙ ከተበላሸ ወይም የበሽታ መከላከል አቅም ከተዳከመ (ለምሳሌ በኤችአይቪ) ውጤቱ «ያልተወሰነ» ሊሆን ይችላል። ይህ ፖዚቲቭም ኔጌቲቭም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ደም እንደገና ይወሰዳል።

ፖዚቲቭ ማለት ሰውነት ከቲቢ ባክቴሪያ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ባክቴሪያው ተኝቶ ከሆነ ልጁ አልታመመም፣ ለሌላ ሰውም አያስተላልፍም። እንዲህ ካሉ ሰዎች በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ በሕፃናትና ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ አደጋው ከፍ ይላል። በልጅነት የተወሰደ የቢሲጂ ክትባት ኢግራን ፖዚቲቭ አያደርግም። ኔጌቲቭ ውጤትም ቢሆን ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ የአክታ ምርመራና ራጅ ያስፈልጋል።

ከፖዚቲቭ ውጤት በኋላ ሐኪሙ በቅድሚያ የታመመ ሳንባ አለመኖሩን በራጅና በምርመራ ያረጋግጣል። ከዚያ መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል፤ አንዱ ዓይነት በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ወር የሚወሰድ ነው። ሽንት ቢቀላ አትደንግጡ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ማስመለስና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከበረታ ግን መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የኤችአይቪ መድኃኒት ወይም የእርግዝና መከላከያ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ አማርኛ የማይመቸው ደግሞ ውጤቱ በኑዌርኛ ወይም በአኝዋክኛ እንዲነገረው አስተርጓሚ ይጠይቅ።