ፊደል ያልቈጠሩ አባቶች ርስት

(የአህያ ኮቴና የጋሪ ጎማ ድምፅ፤ ቀስ በቀስ የሕፃናት ጫጫታ ይከተላል)

ተራኪ፦ አህያ በሆሣዕና ዕለት ጌታን ተሸክማ ኢየሩሳሌም የገባች፣ በሀገራችንም እህሉንና ውሃውን፣ ጭዱንና ማገዶውን ስታመላልስ የኖረች፣ ስሟ ግን ከምስጋና ይልቅ ለስድብ የሚጠራ ትሑት እንስሳ ናት። እርስዋም እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በሐዋሳ ጎዳናዎች ላይ ከዚያ በፊት ያልለመደችውን ጭነት መሳብ ጀመረች፤ ጋሪው የተሞላው በሕፃናት መጻሕፍት ነበርና።

ጋሪው ከዛፍ ጥላ ሥር ሲቆም ሳንቃው ይከፈታል፤ በመደርደሪያው የተሰለፉት ባለሥዕል መጻሕፍትም ይገለጣሉ። ማንበብ የጀመረው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ገና ሀሁን ያልለየው ታናሹ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ የአንበሳውንና የጦጣዋን ሥዕል በጣቱ ይከተላል።

(ድምፁ ይቀንሳል)

ይህን ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ያቋቋሙት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። አባታቸው የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ራሳቸው ፊደል ባይቈጥሩም ልጃቸው ይማር ዘንድ አጥብቀው የሻቱ ሰው ነበሩ። ልጁ ተማረ፤ ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤት ውጭ የሚነበብ መጽሐፍ በእጁ የገባው 19 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። በስደት አሜሪካ ገብተው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ከተማሩ በኋላ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሲያገለግሉ፣ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ልጆች በየቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ሲያገኙ ለኢትዮጵያውያን ሕፃናት በአማርኛ የተዘጋጀ አጡ፤ ይህም ባዶነት እንደ እሾህ ወጋቸው።

ስለዚህ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በቀለም ሥዕል አስጊጠው አሳተሙ። በኢትዮጵያ ካደገችው የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋርም «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን የበጎ አድራጎት ማኅበር መሠረቱ፤ ሥራቸውንም ትተው ወደ ሀገራቸው በመመለስ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሾላ ሰፈር፣ በመኖሪያ ቤታቸው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ።

የሕፃናት መጽሐፍ እጦት ሥሩ የቆየ ነው፤ በአበው ዘመን መጽሐፍ በብራና ተጽፎ፣ በማኅደር ተከቶ፣ በአትሮኖስ ላይ ተዘርግቶ የሚነበብ ክቡር ንዋይ ነበር። ሕፃኑ ከፊደል ገበታ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከመልእክቱም ወደ ዳዊት ሲሻገር አክብሮቱንና ፍርሃቱን ከየኔታ ይማር ነበር፤ ለዕድሜው ተብሎ የተጻፈ፣ ሥቆ የሚገልጠው መጽሐፍ ግን አልነበረውም። አክብሮቱ ታላቅ ሀብት ነው፤ የጎደለው ፍቅር ነበር።

(ለስለስ ያለ ሙዚቃ)

የአቶ ዮሐንስን የሚመስል ታሪክ ከባሕር ማዶም አለ። በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ የዝነኛዋ ድምፃዊት የዶሊ ፓርተን አባት ማንበብም መጻፍም የማይችሉ ደኃ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በትውልድ አውራጃዋ በሴቪየር የጀመረችው ሥራ፣ ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ 5 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየወሩ አንድ መጽሐፍ በፖስታ ይልክለታል፤ በላዩም የወላጁ ሳይሆን የሕፃኑ የራሱ ስም ይጻፋል። በዚህ መንገድ ከ200 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት በልዩ ልዩ ሀገሮች ለሚገኙ ሕፃናት ደርሰዋል።

እንግዲህ በአንዱ ወገን አህያ፣ በሌላው ወገን ፖስታ ቤት፤ የመጓጓዣው ልዩነት ሰፊ ቢሆንም ምንጩ አንድ ነው። ሁለቱም ትሩፋቶች የፈለቁት ብርሃነ ጥበብን ከተነፈጉ አባቶች ቤት ነው፤ አባት ያላነበበውን ልጅ ለሺህ ልጆች አነበበ።

ለተራበ እንጀራ መስጠት ምጽዋት መሆኑን ሁላችን እናምናለን፤ ለሕፃን መጽሐፍ መስጠትም ከዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ፣ አድማጭ ሆይ፣ በሰፈርዎ ወላጆቹ ማንበብ የማይችሉ ሕፃን ቢኖር አንድ ባለሥዕል መጽሐፍ ይግዙለት፤ ስሙንም በመጀመሪያው ገጽ ይጻፉለት፤ ከዚያም አጠገቡ ተቀምጠው ያንብቡለት።