ያለ አስታማሚ የወለድንበት ክረምት

በ2012 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ የወለድን ሴቶች ስንገናኝ ወሬያችን ከምጡ ይልቅ ስለ በሩ ነው። ማን እስከ የት አብሮሽ ገባ? ጥበቃው ምን አለሽ? አጥሚቱን ማን አደረሰልሽ? ሰሞኑን ወሯ የገባ ጓደኛዬ «ዛሬም እኮ ማንንም አናስገባም ይላሉ» ስትለኝ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። እኔ ያኔ ጤና ጣቢያ ክትትል ጀምሬያለሁ። ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ታክሲ በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ መጫን ጀመረ። ለክትትል መሄድ ራሱ ወጪም ፍርሃትም ሆነ። የሰፈር ሴቶች ምክር አንድ ዓይነት ነበር፦ «ደህና ሄደሽ በሽታ ይዘሽ ከምትመለሺ፣ ልምድ ያላት ሴት ቤትሽ ትምጣልሽ።»

ከክፋት የመጣ ምክር አልነበረም። አደጋው ግን ትልቅ ነበር፤ እኛ አገር ጤና ተቋም ሄዶ መውለድ ገና ያልጠና ልማድ ነበርና። በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊድ ጤና ተቋም ውስጥ የተወለደው 5 ብቻ ነበር። በ2003 10 ሆነ፣ በ2008 26፣ በ2011 48። ኮሮና የደረሰብን ግማሹን እንኳ ሳንሞላ ነው። ይህን ቁጥር ወደ ላይ የገፉት ቤት ለቤት እየዞሩ የለመኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየጤና ጣቢያው ግቢ የተሠሩ የእናቶች ማቆያዎች፣ እዚያው የሚገነፋው ገንፎና የሚፈላው ቡና ናቸው። ገንፎውን አትናቁት። ሴትየዋ ባዕድ ቤት የገባች እንዳይመስላት ታስቦ የተደረገ ነው፤ ብዙ ሴቶችም ከቤታቸው የወጡት ለመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ሰው አለ ብለው ነው። ወረርሽኙ ቀድሞ የነጠቀን ይህንኑ ሰው ነው።

የእኔ ምጥ የመጣው በሐምሌ ዝናብ፣ ሌሊት ነው። ባለቤቴ ጎረቤት ቀስቅሶ መኪና አገኘ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሙቀቴ ተለካ፣ ማስኬ ታየ፣ ከዚያ «ወላዷ ብቻ» ተባለ። እናቴ ቴርሞሱንና የልጁን ልብስ የያዘውን ፌስታል ለጥበቃው ሰጠች። እሷ አምስት ልጅ ወልዳለች፣ እኔ የመጀመሪያዬ ነው። የምታውቀዋ ውጭ ቀረች፣ የማታውቀዋ ገባች።

ውስጥ ያሉት አዋላጆች መልካቸው አይታወቅም። ጋዋን፣ ማስክ፣ ከላዩ የፕላስቲክ መከለያ፤ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። ማን መረመረኝ፣ ፈረቃ ሲቀየር ማን ሄዶ ማን መጣ፣ ዛሬም አላውቅም። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሴቶች ሁላችንም «ማርያም፣ ማርያም» እንላለን፤ ድምፃችን በማስክ ታፍኗል። ዝቅ ሳደርገው «አድርጊው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። በማስክ ማማጥ ምን እንደሚመስል ለወንዶች ማስረዳት አልችልም፤ አፍንጫና አፋችሁን ሸፍናችሁ አምስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እየሮጣችሁ ሞክሩት።

ውሃ ጠማኝ፤ የሚሰጠኝ የለም። አዋላጇ አንድ፣ እኛ ብዙ ነን። ወገቤን የሚያሽልኝ የለም። ደም ሳይ «ይህ ደህና ነው?» ብዬ የምጠይቀው የለም። ጎኔ የተኛችው፣ ከዚያ በፊት ሦስት ልጅ የወለደች ሴት፣ ራሷ እያማጠች «አይዞሽ፣ እንዲህ ነው፣ አሁን ይደርስልሻል» ትለኝ ነበር። የዚያን ሌሊት አስታማሚዬ እሷ ነበረች። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወሰዷት።

ይህን የማወራው ከንፈር እንዲመጠጥልኝ ብዬ አይደለም። ከወላድ ጋር የሚገባን ሰው እንደ ጠያቂ ስለምናየው ነው፤ ሥራ ያለው ሰው ነው። ምጥን የሚገፋው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ነው። ሴት ስትፈራ ደግሞ ሰውነቷ አድሬናሊን ያመነጫል፤ ይህ ሲበዛ ምጡን ሊያዘገየው ይችላል። ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ተቋም በፈረንጆች 2017 ባወጣው ግምገማ ከ17 አገሮች የተገኙ 26 ጥናቶችን አይቷል፤ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተካተቱባቸው ናቸው። ምጡ እስኪያልቅ ሰው ያልተለያቸው ሴቶች በራሳቸው የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ በኦፕራሲዮን የመውለዳቸው ዝቅ ያለ፣ ምጣቸውም አጠር ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በወረርሽኙ መካከል ምክሩን አልለወጠም፤ ወላዷ ቫይረሱ ቢኖርባትም እንኳ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን፣ ማስክ አድርጋና እጇን ታጥባ ጡት ታጥባ፣ ልጇም አይነጠቃት፣ ቫይረሱ ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሁን ነው ያለው።

በሆስፒታሎቹ ላይ መፍረድ ግን ቀላል ነው፤ እኔም ሰንብቼ ነው ነገሩን በእነሱ በኩል ያየሁት። ጓንትና ማስክ እየቆጠሩ የሚሠሩበት ጊዜ ነበር። አዋላጆቹም ልጅ አላቸው፤ ቤት ሲገቡ ልጃቸውን ማቀፍ የፈሩ ብዙ ናቸው። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮሮና ሕክምና መስጫ ተደርጎ ሲመደብ በቫይረሱ የተያዙ እናቶችን እዚያ ያዋለዱት ባለሙያዎች በዚያ ሙቀት ከራስ እስከ እግር ተጠቅልለው ነው። ክፍሎቻችንም ጠባብ ናቸው፤ በአልጋና በአልጋ መካከል መጋረጃ በሌለበት የአንዷ ባል ሲገባ የሌላዋ ገመና ይታያል። «ወላዷ ብቻ» የሚለው ቃል ብዙ ቦታ ከኮሮና በፊትም የነበረው ለዚህ ነው። ወረርሽኙ የጨመረለት ማንም የማይከራከረው ምክንያት ነው።

ሌላም አገር አስታማሚ ተከልክሏል። በፈረንጆች መጋቢት 2020 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች ባሎችን ከማዋለጃ ክፍል አገዱ። እናቶች ጮኹ፤ ወሩ ሳያልቅ የግዛቱ አስተዳዳሪ አንድ ሰው እንዲገባ ትእዛዝ አወጡ። ከተማዋ በየቀኑ በመቶዎች ሬሳ መቁጠር በጀመረችበት ሰሞን ነው ይህ የሆነው። በሌላ በኩል ኔፓልን ተመልከቱ። 9 ሆስፒታሎች ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ሰው ከቤት እንዳይወጣ በታገደበት ወቅት ሆስፒታል የሚወልዱ ሴቶች ቁጥር ከግማሽ በላይ ወርዷል። በእነዚያ ሆስፒታሎች ከተወለዱ 1000 ሕፃናት የሚሞቱት ከ13 ወደ 40 አሻቅበዋል። የሚገርመው የባለሙያዎቹ እጅ መታጠብ ተሻሽሎ ነበር። እጁ ንጹሕ ሆኖ እናቲቱ ካልመጣች፣ ወይም ከረፈደ ከመጣች፣ ምን ይጠቅማል?

ከወሊድ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። አልጋ ስለሚፈለግ ቶሎ ሂዱ ተባልን። በጤና የወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት ተቋም ውስጥ እንድትቆይ የሚመከረው አለምክንያት አይደለም፤ አደገኛው ደም መፍሰስ በብዛት የሚያጋጥመው በመጀመሪያው ቀን ነው። ቤት ስንገባ እልልታውም «እንኳን ማርያም ማረችሽ»ውም በስልክ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ጠያቂ አለመብዛቱን ወድጄዋለሁ፤ እንቅልፍ ተኝቻለሁ፣ ጡት ማጥባቱንም ማንም ሳያየኝ ተለማመድሁ። አራስ ቤት ላይ የሚወርደው ሕዝብ ቢቀንስ ዛሬም አልከፋም። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን የጎደለችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም በር ላይ ዝናብ እየመታት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ያነሣው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሮናን ምክንያት አድርጎ ወላድን ብቻዋን ማስገባት የሚያሳምን ነገር የለውም። ጤና ሚኒስቴር ባለሙያዎቹን «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ሁኑ ማለት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዲት አዋላጅ ለብዙ ወላድ ስትሯሯጥ ግን ርኅራኄው ቢኖራት እንኳ ጊዜው የላትም። ውሃ የሚያቀብል፣ ወገብ የሚያሽ፣ ደም ሲበዛ «ኧረ ድረሱላት!» ብሎ የሚጣራ ሰው ቤተሰቡ በነጻ ያመጣል። ሆስፒታሉ የሚመልሰው ይህን ነው።

እርጉዝ የሆናችሁ፣ ለክትትል ስትሄዱ አብሮኝ ሰው ይገባል ወይ ብላችሁ ከአሁኑ ጠይቁ፤ ምጥ ይዟችሁ በር ላይ መከራከር አይቻልም። ባል አይገባም ካሏችሁ እናት፣ እኅት ወይም ጎረቤት ትግባ በሉ፤ የገመናው ጉዳይ ያኔ ይቀላል። ያ በር የከለከላችሁ እናቶች ደግሞ የሆነውን ከታች ጻፉልኝ፤ የሆስፒታሉንና የባለሙያውን ስም ግን አትጥቀሱ። የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁም፣ በየአልጋው መካከል መጋረጃ አስሰቅሉና አንዲት ሴት አስገቡልን።