ባሮ ሲሞላ ከሰማይ ምን ይታያል?

«በልቶ ያላደረ ሕዝብ ይዞ ሰማይ ላይ ገንዘብ መበተን ቅብጠት ነው።»

ይህን የሚል ሰው ለወገኑ አዝኖ ነውና መልስ ይገባዋል። በታኅሣሥ 2012 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ነበረች። ከ8 ሚሊዮን ዶላር ያህሉ ወጪዋ 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት። የተላከችውም ከዋክብትን ለማየት ሳይሆን ማሳውን፣ ደኑንና ውሃውን ለመቃኘት ነው። የጎርፉንም ነገር እንውሰድ፤ ጋምቤላን ለሚያጥለቀልቀው ውሃ የሚሆነው ዝናብ በአብዛኛው የሚጥለው በኢሉባቦርና በወለጋ ደጋ ነው፤ የገባና የብርብር ወንዞች ተገናኝተው ባሮ ሆነው ወደ ቆላው ይወርዳሉ። የዝናብ መለኪያ በሌለበት ተዳፋት ምን ያህል እንደዘነበ የሚገመተው በሳተላይት ነው። በጋምቤላ ኢታንግ ያለ አርብቶ አደር ከብቱን ወደ ከፍታ የሚያሸሸው ይህ ግምት ቀድሞ ከደረሰው ነው።

«ሳተላይት ካመጠቅን ጎርፉን እናየዋለን።»

ሁልጊዜ አይደለም። የእኛ ሳተላይት የያዘችው ካሜራ ነበር፤ ካሜራ ደግሞ ደመና አይበሳም፤ ባሮ የሚሞላውም ሰማዩ በተዘጋበት ወቅት ነው። ደመናን አልፎ የሚያየው ራዳር ነው። ከአውሮፓ ሁለቱ የሴንቲኔል 1 የራዳር ሳተላይቶች አንዱ በታኅሣሥ 2014 ሥራ አቆመ፤ ተተኪው የመጠቀው በኅዳር 2017 ነው። ባሮ ጋምቤላን ክፉኛ ያጥለቀለቀው የ2014 ክረምት በዚህ ክፍተት ውስጥ ወደቀ። ያልተነሣ የጎርፍ ምስል በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም።

«የውጭው መረጃ በነፃ ይገኝ የለም?»

ይገኛል። ከ1964 ጀምሮ የተከማቸው የአሜሪካ የላንድሳት ሳተላይቶች ምስል ከ2001 ወዲህ ለሁሉም ክፍት ነው። ነፃ የሆነው ግን የሌላ አገር ግብር ከፋይ በየዓመቱ ስለሚከፍልበት ነው፤ ምስሉን አንብቦ ለወረዳው የሚነግረው ሰው ደግሞ እዚህ ደመወዝ ያስፈልገዋል። በጋምቤላ ሰፊ መሬት የተከራየው የህንዱ ኩባንያ ካሩቱሪ በ2004 መጀመሪያ በቆሎው በጎርፍ ጠፋበት። ክረምቱ ሲወጣ ውሃው የት እንደሚተኛ ግን የቆዩት ምስሎች ያሳያሉ፤ የአኙዋና የኑዌር ሽማግሌዎችም ያውቁታል። መሬት ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱንም የሚጠይቅ ባለሙያ ማቆየት አንድ እርሻ በጎርፍ ከማጣት በእጅጉ ይረክሳል።

«ሳተላይቱ አንዴ ከመጠቀ ሥራው አለቀ።»

ከሁሉም የሚጎዳው እምነት ይህ ይመስለኛል። ትንሽ ሳተላይት የምታገለግለው ጥቂት ዓመት ነው፤ ዓመታት ፈጅቶ የሠለጠነ ባለሙያም በጀት ሲቋረጥ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። የማስወንጨፊያው ቀን ጭብጨባ የየዓመቱን በጀት አይተካም። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በየዓመቱ የማይታጠፍ መደብ ያስፈልገዋል፤ ከዚያም ላይ ለራዳር ምስል አንባቢዎች፣ ለባሮ የውሃ ከፍታ መለኪያዎችና ማስጠንቀቂያውን በአኙዋ፣ በኑዌርና በአማርኛ ለሚያደርሱ ሰዎች ተለይቶ የሚመደብ ገንዘብ ይኑር።