የአየር ጠባይ ነጋሪው ምን ያህል ይታመናል?

የማታው ዜና አልቆ የአየር ጠባይ ካርታው ብቅ ሲል በክበባችን ክርክር ይነሣል። አንዱ «ይሄ ሰውዬ ዝናብ ካለ ልብሴን አጥቤ አሰጣለሁ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ባለፈው ሳምንት ልክ ብሎ ነበር» ሲል ይሟገታል። ሁለቱም የሚናገሩት ከትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ ልብስ የበሰበሰበትን አንድ ቀን ይይዛል እንጂ ትንበያው በጸጥታ የሠመረበትን ሃያ ቀን አይቆጥርም።

ጉዳዩ ከክበብ ጨዋታ ያልፋል። ከእናንተ ከእጩ መምህራን ብዙዎቻችሁ ነገ ገጠር ትመደባላችሁ። ኅዳር ላይ ጤፉ ታጭዶ ገና ሳይከመር ሰማዩ ሲጠቁር፣ ገበሬው መጥቶ «መምህር፣ ቴሌቪዥኑ ምን አለ?» ይላል። ያን ጊዜ የሰሙትን መድገም ብቻ አይበቃም፤ የነጋሪው ቃል ምን ያህል እንደሚታመን ማወቅም ያስፈልጋል። የዓመት ቀለብ ነውና።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው «ከመቶ ስንቱን አገኘ?» ወደሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ እንዴት እንደሚያሳስት ከ140 ዓመት በፊት በአሜሪካ ታይቷል። ጆን ፊንሌይ የተባለ የጦር ሠራዊት ሳጅን እ.ኤ.አ. በ1884 ቶርኔዶ የተባለውን አውሎ ነፋስ መተንበይ ጀመረ። ከሰጣቸው 2,803 ትንበያዎች 96.6 በመቶው ልክ ሆኑ ተባለ። ይገርማል! ነገር ግን ጊልበርት የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ ቁጥሩን መርምሮ፣ ከቤቱ ሳይወጣ ሁልጊዜ «ቶርኔዶ የለም» የሚል ሰው 98.2 በመቶ ያገኛል ሲል አስረዳ። ቶርኔዶ የደረሰው 51 ጊዜ ብቻ ነበርና። ታዲያ ፊንሌይ ምንም አላወቀም ማለት ነው? አይደለም። ከ51ዱ 28ቱን አስቀድሞ ተናግሯል። ያ ከቤቱ የማይወጣው ሰው ግን አንዱንም አይናገርም። በሌላ በኩል ፊንሌይ «ይመጣል» ካለው 100 ጊዜ በ72ቱ ሳይመጣ ቀርቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ «ነገ ይዘንባል» ለማለት ዕውቀት አይጠይቅም። ታኅሣሥ ላይ «አይዘንብም» ማለትም እንዲሁ ነው። ነጋሪው የሚፈተነው በበልግ፣ በመስከረም መጨረሻና ያለወቅቱ ዝናብ በሚመጣበት ጊዜ ነው። እዚያም ቢሆን «ነገም እንደ ዛሬው ነው» ብቻ ከሚል ሰው መብለጥ አለበት።

ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ይዘንባል ብሎ ዘነበ፤ ይዘንባል ብሎ ቀረ፤ አይዘንብም ብሎ ዘነበ፤ አይዘንብም ብሎ ቀረ። የመጨረሻው ዓምድ ቶሎ ይሞላል፤ እሱ አያታልላችሁ። ማየት ያለባችሁ ከዘነበባቸው ቀኖች ስንቱን አስቀድሞ እንደተናገረ፣ እንዲሁም «ይዘንባል» ካለው ስንቱ እንደቀረ ነው። ሁለተኛው ሲበዛ «ጅብ መጣ» እያለ የጮኸው እረኛ ነገር ይመጣል፤ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ በተነገረ ቀን የሚሰማ ይጠፋል።

ትንበያው በመቶኛ ከተነገረስ? «30 በመቶ ዝናብ» ተብሎ ቢዘንብ ነጋሪው ተሳሳተ አይባልም። «30 በመቶ» ያለባቸውን ቀኖች ሁሉ ሰብስባችሁ ስትቆጥሩ ከአሥሩ በሦስቱ ያህል ዘንቦ ከተገኘ ሰውየው የሚናገረውን ያውቃል። ግሌን ብሪየር እ.ኤ.አ. በ1950 ለዚህ ቀላል ስሌት አውጥቷል፦ ከዘነበ 1፣ ካልዘነበ 0 ብላችሁ ከተነገረው ላይ ያለውን ልዩነት በራሱ ታባዛላችሁ። 80 በመቶ ተብሎ ከዘነበ 0.04፣ ካልዘነበ 0.64 ይሆናል። አማካዩ ባነሰ ቁጥር ትንበያው የተሻለ ነው። ለሒሳብ ክፍል ከዚህ የተሻለ መልመጃ አላውቅም።

ደግሞ ማንን እንደምንመዝን እንወቅ። በእኛ አገር ትንበያውን የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ በመስኮቱ የምናየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተሰጠውን ያነባል። የድምፁ ማማርና ክራቫቱ ከዝናቡ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም! በአሜሪካ የከተማ ጣቢያዎች ግን አቅራቢው ራሱ ባለሙያ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚያም አንዳንዶቹ ዝናቡን አጋነው እንደሚናገሩ ታውቋል። ሳይነገረው የረጠበ ተመልካች ይሳደባል፤ ዝናብ ተብሎ ፀሐይ የወጣለት ግን ዝም ይላላ።

ዝናቡንም በዓይን ግምት አትመዝግቡ። ቦሌ ሲያካፋ ጉለሌ አቧራ ሊሆን ይችላል። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከቤት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና የተጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ ለኩ፤ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የአገራችን የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ዝናብ የሚለኩት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ እናንተም በዚያው ሰዓት ብትለኩ፣ ሌሊት የዘነበው የየትኛው ቀን ነው የሚለው ጭቅጭቅ አይነሣም።