ዓባይን ማን ያሰላዋል?

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ 14 ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት ሕዝቡ ከደመወዙ ቆርጦ ቦንድ ገዝቷል፣ ስለ መጀመሪያውና ሁለተኛው ዙር ሙሌት በየቤቱ ተከራክሯል። ብዙም ያልተወራው የድርድሩ ዋና ሜዳ ሒሳብ እንደነበር ነው። በካይሮ፣ በካርቱምና በአዲስ አበባ ከተፋጠጡት ዲፕሎማቶች ጀርባ የውሃ ሞዴል የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ጠቡም በአብዛኛው ሞዴሉ ውስጥ ምን ይግባ፣ ከየትስ ይጀመር የሚል ነበር።

የግድብ ሞዴል መሠረቱ ቀላል ነው። ዛሬ በሐይቁ ባለው ውሃ ላይ ወንዙና ዝናቡ ይደመራሉ፤ የሚለቀቀው፣ የሚተነውና የሚሰርገው ይቀነሳል፤ የሚቀረው የነገው ውሃ ነው። ግድቡ ባለበት በጉባ ላይ እንሞክረው። ዓባይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር በአማካይ በዓመት ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይዞ ያልፋል። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ስለሚይዝ፣ የአንድ ዓመት ተኩል ፍሰት ማለት ነው። ሐይቁ ሞልቶ ሲንጣለል 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። በላዩ ላይ የሚወርደው ዝናብ ተቀንሶ በዓመት 1 ሜትር ውሃ ተነነ ብንል፣ የሚጠፋው 1.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በረሃ መካከል ያለው የአስዋን ሐይቅ ግን በትነትና በስርገት ወደ 10 ቢሊዮን እንደሚያጣ የግብፅና የሱዳን ስምምነት ራሱ መዝግቦታል። እስከዚህ ድረስ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

ያ ስምምነት ራሱ አንድ እኩልታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለቱ አገሮች አስዋን የሚደርሰውን አማካይ ዓመታዊ ፍሰት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ያዙ። ከዚህ 10 ለትነትና ለስርገት፣ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን ሰጡ። ደምሩት፤ 84 ይመጣል። ቀሪው ዜሮ ነው። ከውሃው 86 በመቶ ያህሉ የሚመነጭባት ኢትዮጵያ በእኩልታው ውስጥ አንድም ቦታ የላትም። በመደመርና በመቀነስ በኩል ስህተት የለበትም። በደሉ ያለው እነማን ይቆጠራሉ በሚለው ምርጫ ላይ ነው፤ ይህን ምርጫ ደግሞ ያደረጉት ሰዎች ናቸው።

ስለ ዓባይ ሒሳብ ሲነሳ የሃሮልድ ኤድዊን ኸርስት ስም ሳይጠራ አይታለፍም። ይህ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1906 ግብፅ ገብቶ አብዛኛውን ዕድሜውን ለዚህ ወንዝ ሰጠ። ጥያቄው ለመቶ ዓመት የሚያስተማምን ማጠራቀሚያ ምን ያህል መያዝ አለበት የሚል ነበር። ካይሮ በሚገኘው የሮዳ መለኪያ የተመዘገበው የወንዙ ከፍታ እ.ኤ.አ. ከ622 ጀምሮ ያለ ነውና፣ ይህን ያህል ረጅም መዝገብ ያለው ወንዝ በዓለም ላይ ማግኘት ይከብዳል።

የዘመኑ ሒሳብ ዓመታትን እርስ በርስ የማይተዋወቁ አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ ዘንድሮ ቢጎድል ለከርሞ ምንም አይናገርም። በዚህ ግምት የዕቅዱ ዘመን ከ25 ወደ 100 ዓመት ሲያድግ የሚያስፈልገው ማጠራቀሚያ በአራት እጥፉ ዘመን ካሬ ሥር፣ ማለትም በ2 እጥፍ ብቻ ይጨምራል። ኸርስት ግን የናይልን መዝገብ ከሌሎች ብዙ የተፈጥሮ መዝገቦች ጋር ሲመረምር፣ ዕድገቱ ከካሬ ሥር ይልቅ በአማካይ ወደ 0.73 በሚጠጋ አርቢ እንደሚሄድ አገኘ። በዚህ ስሌት ያው ማጠራቀሚያ በ2.75 እጥፍ ማደግ አለበት። ምክንያቱም ደረቅ ዓመት ደረቅ ዓመትን ይጎትታል፤ ጥጋብም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመውን ይህን ግኝት ቤንዋ ማንደልብሮት ኋላ ላይ በዮሴፍ ስም ጠራው፤ በፈርዖን ሕልም ሰባቱ የጥጋብና ሰባቱ የረሃብ ዓመታት ተከታትለው ይመጣሉና። ግድብም እንደ ዮሴፍ ጎተራ ነው፤ ልኩን የሚወስነው አንድ ክፉ ዓመት ሳይሆን የክፉ ዓመታት ሰልፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህ በተግባር ታይቷል። ሰሜን ኢትዮጵያን ያራቆተው ድርቅ ዓመት ከዓመት ሲከታተል የአስዋን ሐይቅም አብሮ እየወረደ ሄደ፤ ግብፅን ያዳናት የ1988 ክረምት ነው። በወሎ ሰው ሲያልቅ በካይሮ የመብራት ስጋት ነበር። ዝናቡ አንድ፣ ወንዙ አንድ ነው።

ኸርስት ራሱ የመቶ ዓመቱን ክምችት በላይኛው ተፋሰስ ሐይቆች፣ ጣናንም ጨምሮ፣ ለማስቀመጥ ያቀደ ሰው ነበር። ውሃ በቀዝቃዛ ደጋ ቢከማች ትነቱ እንደሚያንስ ያውቃል። ስለዚህ ከአስዋን ይልቅ ወደ ምንጩ ጠጋ ብሎ ማጠራቀም እኛ ለክርክር የፈጠርነው ሐሳብ አይደለም።

ወደ ሕዳሴው ድርድር ስንመለስ፣ በ2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የመርሆዎች ስምምነት ተፈረመ፣ ቀጥሎም የፈረንሳይ አማካሪ ድርጅቶች ግድቡ በታችኛው ተፋሰስ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እንዲያጠኑ ተቀጠሩ። ጥናቱ ግን ገና ከመነሻው ተሰናከለ። ለውጥ የሚለካው ከምን ተነስቶ ነው? ግብፅ የ1959ኙ ድርሻ መነሻ እንዲሆን ፈለገች፤ ኢትዮጵያ ያልፈረመችውን ውል በሞዴል በኩል እንድትቀበል መጠየቋ ነበርና አሻፈረኝ አለች። በእኔ እምነት ይህ እምቢታ ከብዙ የአደባባይ ንግግሮች የበለጠ ዋጋ አለው። ያ መነሻ ቢገባ ኖሮ ኢትዮጵያ የምትይዘው እያንዳንዱ ጠብታ «ጉዳት» ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

ከሦስቱ አገሮች አምስት አምስት ሆነው የተውጣጡ ሳይንቲስቶች ስለ ሙሌቱ አብረው ሲያሰሉ ደግሞ ሌላ ነገር ጎልቶ ወጣ። ሱዳንን የሚያሳስባት የዕለቱ ልቀት ነው፤ የሮሴሬስ ግድቧ ቅርብ ስለሆነ ጉባ ላይ ዛሬ የተወሰነው ወዲያው ይደርሰዋል። ግብፅን የሚያሳስባት ተከታታይ ድርቅ ነው፤ አስዋን ከ160 ቢሊዮን በላይ ስለሚይዝ የአንድ ዓመት ጉድለት ብቻውን አያናጋውም። በ2012 ዓ.ም. የዋሽንግተን ውይይት ድርቅ፣ የተራዘመ ድርቅና የተራዘሙ ደረቅ ዓመታት ተለይተው የተነሱት ለዚህ ነው። ድርቅ የሚባለው ከየትኛው ቁጥር በታች ሲሆን እንደሆነ መወሰን፣ ውሃው የሚለቀቅበትን ቀን መወሰን ነው።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ጠረጴዛ የመጣችው ዘግይታ ነው። የዓባይን ተፋሰስ በሰፊው ያጠናው የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ሪፖርት ካራዶቢን፣ ማቢልን፣ መንዳያንና ድንበር አጠገብ ያለውን ግድብ ጠቁሟል። ዛሬም ስለ ወንዛችን የሚጠቀሰው የ49 ቢሊዮኑ አማካይ የሚመነጨው በአብዛኛው ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ውስጥ ካለው የኤል ዲየም መለኪያ ነው። ይህ ያስቆጨኛል። ከጣና እስከ ጉባ ባለው ሸለቆ፣ በበለስ፣ በጀማ፣ በጉደር፣ በደዴሳና በዳቡስ ላይ ያለማቋረጥ የሚሠሩ መለኪያዎች ካልተተከሉ፣ ጠባቂያቸውም በሰዓቱ ደመወዙን ካላገኘ፣ የእኛ ሞዴል በሌላ ሰው ቁጥር ሲሠራ ይኖራል።

ግድቡ ሞልቷል፤ ከእንግዲህ ያለው ጥያቄ የአሠራር ነው። የአየር ንብረት ሞዴሎች በደጋው ዝናብ ላይ አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ ይጨምራል፣ ሌሎቹ ይቀንሳል ይላሉ። ተርባይኖቹ ገና ያልተፈተኑበት ተከታታይ ድርቅ ከፊት አለ። ቀጣዩ ደረቅ ክረምት ሳይመጣ ከጉባ የሚለቀቀውን የዕለት ውሃ በየቀኑ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ፣ ሮሴሬስና አስዋንም እንዲሁ እንዲያደርጉ መጠየቅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችንም በዚያ መረጃ ሞዴላቸውን እንዲፈትኑ መፍቀድ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ አዲስ ውል መፈረም አያሻም፤ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነገ ሊጀምረው ይችላል።