የድንገተኛ መድኃኒት አቀማመጥ በጌዴኦ

በጌዴኦ ዞንና በዋና ከተማው በዲላ አረጋውያን በአብዛኛው የሚጦሩት በልጆቻቸው ቤት በመሆኑ፣ ሕመም ድንገት ሲጠናባቸው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይወሰዳሉ፤ ስለዚህ የድንገተኛ መድኃኒት ጥበቃ ጉዳይ ተቋሙንም ቤተሰቡንም የሚመለከት ነው።

የጉዳዩ ክብደት ሁለት ግዴታዎችን በማስታረቅ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ በሚያስፈልግበት ደቂቃ መገኘት አለበት፣ ያለ አግባብ ግን መውጣት የለበትም። አድሬናሊን፣ ማለትም ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ለገጠመው ሰው የሚሰጠው መርፌ፣ ብርሃን ስለሚያበላሸው እስከሚፈለግ ድረስ ከካርቶኑ አይወጣም፤ ፈሳሹ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቡናማ ቀለም ከተለወጠም ይወገዳል። እንደ ሞርፊንና ፔቲዲን ያሉት ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች ሱስ የማስያዝ ባሕርይ ስላላቸው፣ ለብቻ በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ተቀምጠው እያንዳንዱ ብልቃጥ ለማን፣ መቼና በማን እጅ እንደተሰጠ በመዝገብ ሊሰፍር ይገባል፤ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ቁጥጥርም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተደነገገ ነው። ሆኖም ቁልፍ ያዡ ተረኛ በሌለበት ሌሊት ቁልፉ ራሱ የሕክምና እንቅፋት ስለሚሆን፣ ቁልፉ በተረኞች መካከል በፊርማ መተላለፉ ከመቆለፊያው ጥንካሬ ያላነሰ ዋጋ አለው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ያልተከፈተ ኢንሱሊን፣ የስኳር ሕሙማን መርፌ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከመቀዝቀዝ አልፎ በረዶ የሆነውን ግን መጠቀም አይቻልም። አረጋውያንን የሚጦሩ ቤተሰቦች መድኃኒቱን ሕፃናት ከማይደርሱበት ስፍራ እንዲያኖሩና የአገልግሎት ጊዜውን በየወሩ እንዲያዩ ያስፈልጋል።